ጆሮ ያለው ዓሣ ነባሪ፦ የድሮ መጻሕፍት የባሕር አጥቢዎችን እንዴት ሣሏቸው?



ከቡላኦስ ተነስቶ ወደ ባሕሩ ዳር በእግር መውረድ ይቻላል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ደጋ ላይ ወይም ቆላ በረሃ ላይ ያደግን ነን። ባሕር የሚባለውን በዓይናችን ያየነው ጅቡቲ ከገባን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሕርንም ሆነ በውስጡ ያሉትን ፍጥረታት የምናውቃቸው በሥዕል ብቻ ነበር። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሥዕል ነው። ሥዕል ያስተምራል፣ ሥዕል ያሳስታል። ሁለቱንም የባሕር አጥቢ እንስሳት ታሪክ በደንብ ያሳየናል።

ነገሩን ከክፍል ውስጥ እንጀምረው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መምህሩ «ዓሣ ነባሪ አጥቢ እንስሳ ነው» ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ወዲያው አንዱ ተማሪ እጁን ያወጣል፤ «ቲቸር፣ ታዲያ ስሙ ለምን ዓሣ ይላል?» ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ ትልቅ ጥያቄ ነው። ቋንቋችን ራሱ እንስሳውን ከዓሣ ጋር ደምሮታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አንበሪ» እና «ዓሣ አንበሪ» የሚሉ ቃላት እናገኛለን። «አንበሪ» ደግሞ ዐረቦች «ዐንበር» ከሚሉት ቃል ጋር ይዛመዳል። ዐረብኛ የምትችሉ ተማሪዎች ይህን ወዲያው ታውቁታላችሁ። እንግዲህ ዓሣ ነው ብሎ መሳሳት የእኛ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ሊቃውንትም ለብዙ መቶ ዓመታት በዚሁ ስሕተት ውስጥ ነበሩ።

አጥቢ ማለት ምን ማለት ነው?

በአጭሩ እናስታውስ። አጥቢ እንስሳ በሳንባው ይተነፍሳል፣ ደሙ ሞቃት ነው፣ ግልገሉን በማሕፀን ተሸክሞ ይወልዳል፣ ጡት ያጠባል። (እንቁላል የሚጥሉ ጥቂት አጥቢዎች በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ አሉ፤ እነርሱን ለጊዜው እንተዋቸው።) ዓሣ ግን በስንጥቡ አማካይነት ከውኃ ውስጥ አየር ይወስዳል። ዓሣ ነባሪ፣ ዶልፊንና ዱጎንግ (የባሕር ላም የሚሏት ናት) ትንፋሽ ለመውሰድ የግድ ወደ ላይ መውጣት አለባቸው። ካልወጡ ሰው እንደሚሰጥመው ሁሉ እነርሱም ይሰጥማሉ።

በዓይን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ምልክት አለ፦ ጅራት። የዓሣ ጅራት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ሲዋኝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዘዋል። የዓሣ ነባሪና የዶልፊን ጅራት ግን የተጋደመ ነው፤ ሲዋኙ ወደ ላይና ወደ ታች ይመቱታል። ይህን አስታውሱ፤ በኋላ የድሮ ሥዕሎችን ስንመረምር ይጠቅመናል።

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ ከጥቅምትና ኅዳር ወራት ገደማ ጀምሮ የሚመጣው፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሩካን ባሌን የሚሉት፣ ጀርባው ነጠብጣብ የሆነው ግዙፍ ፍጥረትስ? እርሱ እንኳ ዓሣ ነው፤ የሻርክ ወገን ነው። ጅራቱን ተመልከቱ፤ ቆሟል። ስሙ ዓሣ ነባሪን ስለሚጠራ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አያችሁ፣ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከዘመድም ዘመድ አለ። ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ዛሬ ካሉት እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዳቸው ጉማሬ ነው። አዎ፣ የጣና ሐይቁ ጉማሬ! ዱጎንግ ደግሞ የምትዛመደው ከዝሆን ጋር ነው። ስለዚህ ባሕር አላየሁም የሚል ሰው ጉማሬና ዝሆን ካየ፣ የባሕር አጥቢዎችን ዘመድ አይቷል ማለት ነው።

ሳያዩ መሣል

የግሪኩ ሊቅ አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዶልፊን አየር እንደሚተነፍስና ልጁን እንደሚያጠባ ጽፎ ነበር። ሆኖም ጽሑፉን ያነበቡት የኋለኞቹ ሰዎች ሲሥሉ የሚሥሉት ያነበቡትን ሳይሆን የሰሙትን ነበር።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1539 ኦላውስ ማግኑስ የተባለ የስዊድን ቄስ የሰሜን አውሮፓን ትልቅ ካርታ በቬኒስ አሳተመ። በባሕሩ ላይ ዓሣ ነባሪዎች ሞልተውበታል። ግን ምን ዓይነት ዓሣ ነባሪዎች! እንደ ከርከሮ ክራንቻ ያላቸው፣ ከራሳቸው ላይ በሁለት ቧንቧ ውኃ የሚረጩ ናቸው። አንደኛው ላይ እንዲያውም መርከበኞች ደሴት መስሏቸው ጀርባው ላይ እሳት አንድደው ይታያሉ።

ይህ ካርታ በካርታነቱ አልቀረም። የስዊስ ሐኪም የነበረው ኮንራድ ጌስነር እ.ኤ.አ. በ1558 ባሳተመው የዓሣዎች መጽሐፍ እነዚህን ሥዕሎች ገልብጦ አስገባቸው። ጌስነር ሞኝ አልነበረም፤ ሥዕሎቹን ከማን እንደወሰደ ተናግሯል፣ ጥርጣሬውንም ገልጿል። ይሁን እንጂ አንባቢ ጥርጣሬውን ይረሳል፣ ሥዕሉን ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ብዙ ዘመን ኖረ።

በዚያው ዘመን በተቃራኒው የሠራም ሰው አለ። ፈረንሳዊው ፒየር በሎን የዶልፊን ወገኖችን እየሰነጠቀ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1551 መጽሐፍ አሳተመ። ያልተወለደ ግልገል ከእትብቱ ጋር አሣይቶ አሥሏል። ማሕፀን፣ እትብት፣ ጡት፤ ሁሉንም አይቷል። ታዲያ ምን ብሎ ጠራቸው? «ዓሣ» አላቸው! ዓይኑ እውነቱን አየ፣ ልማዱ ግን ስሙን ያዘበት። ዓሣ ነባሪዎች ከዓሣ ተለይተው ከአጥቢዎች ጋር በይፋ የተመደቡት ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ 10ኛ እትም ላይ ነው። ከበሎን በኋላ 207 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

የጆሮው ታሪክ

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1598 በሆላንድ፣ በካትዋይክ አቅራቢያ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ ነባሪ ባሕሩ ዳር ወጥቶ ሞተ። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ሊያይ ጎረፈ። ሄንድሪክ ጎልትዚዩስ የተባለ ታዋቂ ሠዓሊ ሣለው፤ የእንጀራ ልጁ ያኮብ ማታም ደግሞ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ አሳተመው። ሥዕሉ በጣም ቆንጆ ነው። በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሁሉ ሳይቀሩ በዝርዝር ይታያሉ።

ግን አንድ ነገር አለ። ከዓይኑ አጠገብ ጆሮ የሚመስል ነገር ተሥሏል። ዓሣ ነባሪ ደግሞ ከውጭ የሚታይ ጆሮ የለውም። ጎን ላይ ያለው መቅዘፊያው፣ ማለትም እንደ እጅ የሚያገለግለው ክፍል፣ ያለ ቦታው ወደ ዓይኑ ቀርቦ ጆሮ መስሎ ወጣ። ሠዓሊው በሕይወቱ ሙሉ ያየው ላም፣ ፈረስና ውሻ ነው። ከዓይን ኋላ ተንጠልጥሎ የሚታይ ነገር ሲያይ እጁ የለመደውን ሣለ።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1601 በጣሊያን፣ አንኮና አጠገብ፣ ሌላ ዓሣ ነባሪ ወጣ ተብሎ ሥዕል ታተመ። ሥዕሉ ላይ «ልክ ከተፈጥሮው የተሣለ» የሚል ቃል ሰፍሯል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊው ኤርንስት ጎምብሪች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሥዕል አንስቶ ሲመረምረው፣ ዓሣ ነባሪው ያው ጆሮ አለው! ጎምብሪች እንደሚለው ጣሊያናዊው ከባሕሩ ዳር ሄዶ አልሣለም፤ የሆላንዱን ሥዕል የገለበጠ ይመስላል። እንግዲህ «በዓይኔ አይቼ ሣልሁ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ስሕተቱ ራሱ ግልበጣውን አጋለጠው። መምህራን ይህን ዘዴ በደንብ ያውቁታል። በፈተና ላይ ሁለት ተማሪዎች ትክክለኛውን መልስ ቢጽፉ አጠናን ይላሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት እንግዳ ስሕተት ከሠሩ ግን ነገሩ ታወቀ!

ለምን ይሳሳቱ ነበር?

ሠዓሊዎቹን ለመውቀስ አንቸኩል። ሥራው ከባድ ነበር፤ ምክንያቶቹም በርካታ ናቸው።

አንደኛ፣ እንስሳው ውኃ ውስጥ ነው። ከላይ የሚታየው ጀርባውና ትንፋሹ ብቻ ነው። ያ ከሩቅ የውኃ ፏፏቴ የሚመስለው ነገር በአብዛኛው ትንፋሽ ነው፤ ብርድ ቀን ከአፋችን እንደሚወጣው ጉም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ደርሰው ሲያዩት ሞቷል። ውኃው የሚደግፈው ገላ መሬት ላይ ሲወጣ በገዛ ክብደቱ ይዘረጠጣል፣ በፀሐይ ያብጣል፣ ቀለሙ ይጠቁራል። አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም። ዝነኛው ጀርመናዊ ሠዓሊ አልብረሽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1520 መጨረሻ የወጣ ዓሣ ነባሪ ሊያይ በብርድ ወደ ዜላንድ ተጉዞ ነበር፤ ሲደርስ ባሕሩ መልሶ ወስዶታል። በ1521 ግን ዋልረስ የሚባለውን ባለ ክራንቻ የባሕር አጥቢ ራስ ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬም ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ሦስተኛ፣ አንድ ሥዕል በብዙ እጅ ያልፋል። አንዱ ያያል፣ አንዱ ይሥላል፣ ሌላው በእንጨት ወይም በመዳብ ላይ ይቀርጻል፣ በኋላም በድንጋይ ላይ የማተም ዘዴ መጣ፣ በመጨረሻ ቀለም ቀቢው ይቀባል። ከእነዚህ መካከል እንስሳውን ያየው አንዱ ብቻ፣ አንዳንዴም አንዱም ላይሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ተቀርጾ የሚታተም ነገር ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዓሣ ነባሪው በአንድ መጽሐፍ ወደ ግራ፣ በሌላው ወደ ቀኝ ዞሮ ብታገኙት፣ ምናልባት አንዱ ከሌላው ተገልብጦ ይሆናል።

ከቀይ ባሕር ምን ተገኘ?

ይህ ሁሉ የሩቅ ሀገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። የእኛው አካባቢ ባሕርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው።

ሄምፕሪሽና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1820 ጉዞ ጀምረው ግብፅን፣ ሲናን፣ የቀይ ባሕርን ዳርቻዎች ዞሩ። ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ በበሽታ ሞተ። ኤረንበርግ ተመልሶ የሰበሰቡትን በሥዕል አስደግፎ ማሳተም ጀመረ። ከዳህላክ ደሴቶች የተገኘችው አንዲት ዶልፊን በእርሱ አማካይነት የሳይንስ ስም አገኘች፤ «አዱንኩስ» ተባለች። የራስ ቅሏ በበርሊን ሙዚየም ተቀምጧል። የሚገርመው፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ ሊቃውንት «ይህች ከሌላው የተለየች አይደለችም» ሲሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ከዚያው አሮጌ የራስ ቅል ዘረመል ተወስዶ ሲመረመር ለብቻዋ የምትቆም ዝርያ መሆኗን አረጋገጠ። ሥዕልና ቃል የሚያከራክረውን፣ አጥንቱ ፈታው።

ከእነርሱ ቀጥሎ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1831 ምጽዋ ገብቶ፣ በሰሜን ተራሮች አድርጎ እስከ ጎንደር ዘለቀ። ዋልያን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ስሙንም ከአማርኛው ወስዶ ካፕራ ዋሊ አለው። ይህ ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሩፔል በባሕሩም እንዲሁ አድርጓል። የቀይ ባሕርን ዶልፊን እ.ኤ.አ. በ1842 ሲገልጽ «አቡሰላም» አላት፤ በዐረብኛ የሰላም አባት ማለት ነው። ምን ያህል ደስ የሚል ስም ነው! ግን አልጸናም። በሳይንስ ሕግ መሠረት አንድ እንስሳ ሁለት ጊዜ ከተሰየመ የሚጸናው ቀድሞ የወጣው ስም ነው። የኤረንበርግ «አዱንኩስ» ቀድሞ ስለነበር «አቡሰላም» ቀረ። ዋልያ ስሙን ያገኘው ማንም ስላልቀደመው ነው፤ ዶልፊኗ ግን ተቀደመች።

ሩፔል ስለ ቀይ ባሕሯ ዱጎንግም እ.ኤ.አ. በ1834 ጽፏል። ለእርሷ የሰጣት ስም «የድንኳኑ» የሚል ትርጉም አለው። ምክንያቱም በኦሪት ዘጸአት ስለ ማደሪያው ድንኳን ሲነገር የአንድ እንስሳ ቁርበት ለመሸፈኛ ይጠቀሳል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አቆስጣ» የሚለው ነው። ሩፔል ይህ እንስሳ ዱጎንግ ሳትሆን አትቀርም ብሎ አሰበ። በዕብራይስጡ ቃል ትርጉም ላይ ሊቃውንት ዛሬም አይስማሙም፤ አንዳንዶች የእንስሳ ስም ሳይሆን የቆዳ አሠራር ወይም የቀለም ዓይነት ነው ይላሉ። ይህም የሩፔል ስም አልጸናም፤ ዱጎንግ ከ1776 ጀምሮ ስም ነበራትና። ቢሆንም «አቆስጣ ምንድን ነው?» ብሎ አያቱን ጠይቆ መልስ ላጣ ልጅ፣ ይህ አንድ የመልስ ሙከራ ነው።

ሥዕል ብቻ ሲቀር

ለምን ይህን ሁሉ እናነሳለን? የሚከተለውን አንብቡና ፍረዱ።

እ.ኤ.አ. በ1741 በቪቱስ ቤሪንግ የሚመራ የሩሲያ መርከብ በሰሜን ፓስፊክ አንዲት ሰው አልባ ደሴት ላይ ተሰበረ። ከተረፉት አንዱ ጌዮርግ ስቴለር የተባለ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በደሴቲቱ ዙሪያ የዱጎንግ ዘመድ የሆነች፣ ከእርሷ ግን እጅግ የምትበልጥ የባሕር ላም አገኘ። የለካት አንዲት እንስት 7 ሜትር ተኩል ገደማ ነበረች። ሥጋዋ የተራቡትን መርከበኞች ሕይወት አተረፈ። ስቴለር በ1746 ሞተ፤ ጽሑፉ በ1751 ታተመ። ወሬውን የሰሙ ፀጉር ለበስ እንስሳት አዳኞች ወደዚያ ጎረፉ። የመጨረሻዋ የባሕር ላም በ1768 ተገደለች ይባላል። ሳይንስ ካወቃት 27 ዓመት ብቻ!

በሕይወት ሳለች ካዩአት ሰዎች እጅ የወጣ ሥዕል ዛሬ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከጉዞው ካርታ ላይ ያለች ትንሽ ምስል ትጠቀሳለች። የቀረው አጥንትና የስቴለር ቃል ነው። አሁን ማንም ሄዶ «ልክ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ሊያመሳክር አይችልም። በዓሣ ነባሪው ጆሮ ላይ የተሠራው ስሕተት ሊታረም የቻለው ዓሣ ነባሪ ስላለ ነው። እንስሳው ከጠፋ ስሕተቱም አብሮ ይጸናል።

ዱጎንግስ? የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻዎች ከመኖሪያዋ መካከል ናቸው። እስከ 3 ሜትር ትረዝማለች፣ በባሕር ወለል ላይ የሚበቅል ሣር ትግጣለች፣ እስከ 70 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ግን የምትወልደው በየ3 እስከ 7 ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ አንድ ግልገል ብቻ ነው። የዓሣ መረብ ውስጥ ከተጠመደች መተንፈስ ስለማትችል ትሞታለች። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ያሉት ዱጎንጎች በ2022 ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ተመድበዋል። ስለዚህ የእርሷ ጉዳይ ገና ያላለቀ ታሪክ ነው።

ለክፍል የሚሆን ሥራ

እኛ ጋ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ አንድ ነው። ስለዚህ የምንማረው በመገልበጥ ነው፤ መምህሩ ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳ፣ ተማሪው ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ የቀረው ልጅ ደግሞ ከጓደኛው ደብተር። በዚህ አናፍርም፤ ግን የመገልበጥን አደጋ ማወቅ አለብን። የሚከተሉትን ሁለት ሥራዎች ሞክሯቸው፤ እርሳስና ወረቀት ብቻ ይበቃል።

1. የመገልበጥ ሰንሰለት። መምህሩ አንድ የዶልፊን ሥዕል ለመጀመሪያው ተማሪ ብቻ ያሳየው። እርሱ ይሣልና ለሁለተኛው ይስጥ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ልጅ ሥዕል ብቻ አይቶ ይሣል፤ እንዲህ እያለ እስከ አሥር ይድረስ። ከዚያ አሥሩንም ግድግዳ ላይ በተራ ለጥፉ። ጅራቱ የቆመው ስንተኛው ላይ ነው? ቅርፊት የጨመረው ማነው? ልጆቹ ይስቃሉ፤ ስቀው ግን አይረሱትም።

2. ፍየል። ሁሉም ሰው በየቀኑ ፍየል ያያል። እንግዲያው ተማሪዎቹ ሳያዩ፣ ከልባቸው ፍየል ይሣሉ። ከዚያ ወጥታችሁ እውነተኛ ፍየል አጠገብ ቁሙ። ጅራቷ ወዴት ነው? የዓይኗ ብሌን ክብ ነው ወይስ የተጋደመ? ቀንዷ ከጆሮዋ ፊት ነው ወይስ ኋላ? ሁለተኛ ሣሉ፣ ሁለቱን አስተያዩ። በየቀኑ የምናያትን ፍየል እንዲህ ከሳትናት፣ ዓሣ ነባሪን አንዴ ያየው ሠዓሊ ምን ያድርግ?

ከዚህ በኋላ በመጽሐፍ ውስጥ የእንስሳ ሥዕል ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የሣለው ሰው አይቶታል ወይ? ያየው በሕይወት ነው ወይስ ሞቶ? ከማንስ ገለበጠ? መልሱን ባታገኙ እንኳ መጠየቁ ራሱ ትምህርት ነው።

ያን «ታዲያ ስሙ ለምን ዓሣ ይላል?» ያለውን ተማሪም አትቆጡት። በሎን ያልጠየቀውን ጥያቄ ነው የጠየቀው።